የስድስት ኪሎን ግቢ ማን ሰጠ? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ ግቢ ድሮ ቤተ መንግሥት እንደነበር ብዙ ሰው ያውቃል። እንዴት የተማሪ ግቢ ሆነ ሲባል ግን ወሬው ይደበላለቃል።

«የምኒልክ ግቢ ነበር።»
አልነበረም። የምኒልክ ግቢ ከአራት ኪሎ ወረድ ብሎ ያለው ነው። የስድስት ኪሎውን፣ ገነተ ልዑልን፣ ያሠሩት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ናቸው፤ በ1920ዎቹ።

«ደርግ ወርሶ ለዩኒቨርሲቲው ሰጠው።»
በደርግ ጊዜ ያልተወረሰ ነገር ስለሌለ ሰው ይህን ቢያምን አይገርምም። ግቢውን የሰጡት ግን ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ናቸው፤ በ1954 ዓ.ም.። ተቋሙም ያኔ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ከአብዮቱ በኋላ የተቀየረው ስሙ ነው።

«ዩኒቨርሲቲው የተጀመረው እዚያው ነው።»
ትምህርቱ የተጀመረው በ1943 አራት ኪሎ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በሚል ስም። በ1954 የምሕንድስናው ኮሌጅ፣ የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ፣ የጎንደር ጤና ኮሌጅና ሌሎችም በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሥር ተሰበሰቡ። ለዚህ ሁሉ ማዕከል ያስፈልግ ነበር።

«ትርፍ ቤት ስለነበራቸው ነው የሰጡት።»
እርግጥ ነው፣ የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ቀድሞ ተሠርቶ ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። በታኅሣሥ 1953 ንጉሡ ብራዚል ሳሉ እነ መንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። ሙከራው ሲከሽፍ በዚሁ በገነተ ልዑል አረንጓዴ ሳሎን ውስጥ ታግተው የነበሩ ባለሥልጣናት ተረሸኑ። ራስ ሥዩም መንገሻና ራስ አበበ አረጋይ ከሟቾቹ መካከል ነበሩ። ቤቱ የተሰጠው ከዓመት በኋላ ነው።

«እንግዲያው ሸሽተውት ነው» የሚል አለ። ደም የፈሰሰበት ቤት ማን መኖር ይፈልጋል? ይህ አንዱ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ቆልፈው ሊተዉት፣ ለጦሩም ሊሰጡት ይችሉ ነበር። በዚያ ታኅሣሥ የኮሌጁ ተማሪዎች መፈንቅለ መንግሥቱን ደግፈው ሰልፍ ወጥተዋል። ንጉሡ መኖሪያቸውን የሰጡት ለእነዚሁ ልጆች ትምህርት ቤት ነው። በሌላው አስተዳደራቸው የፈለግነውን ያህል ብንከራከር፣ ይህን ማሳነስ ልክ አይመስለኝም።

«ቤቱ ውስጥ ከቢሮ በቀር የቀረ ነገር የለም።»
ከ1955 ጀምሮ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ከነሙዚየሙ እዚያ ገባ። የንጉሡ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት ሳይነካ ተቀምጧል። መስተዋቱ ላይ የታኅሣሡ ግርግር ነው የሚባል የጥይት ቀዳዳ አለ።

«የካቲት 12 የሆነው ሐውልቱ ያለበት አደባባይ ላይ ነው።»
ሐውልቱ የሰማዕታቱ መታሰቢያ ነው። በ1929 አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት ግን እዚሁ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ነው። ያን ቀን ድኾች ምጽዋት ሊቀበሉ ተጠርተው ግቢው ሞልቶ ነበር። ጭፍጨፋው የተጀመረው በእነሱ ላይ ነው፤ ከዚያ ወደ ከተማው ተዛመተ።

«ከሕንጻው ፊት ያለውን ደረጃ ንጉሡ አሠሩት።»
ፋሺስቶቹ ናቸው የሠሩት። እያንዳንዱ እርከን የሙሶሊኒን የሥልጣን ዓመት ይቆጥራል። ከነጻነት በኋላ አናቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተተከለበት።