የተኝቶ ታካሚዎች የአእምሮ ጤና፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በሆስፒታል የተኛ ሰው ስለ ልቡ፣ ስለ ሳንባው ወይም ስለ ቁስሉ በየዕለቱ ይጠየቃል፤ ስለ አእምሮው የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነው። ተመራማሪዎች ይህን ጉድለት ለመሙላት ለበርካታ ዓሥርት ዓመታት ደክመዋል። ሆኖም ከጥናቶቹ ጋር የማይስማሙ አመለካከቶች በቤተሰብም በባለሙያዎችም ዘንድ ዛሬም ይሰማሉ።

«የታመመ ሰው ቢያዝን ምን ይደንቃል?»

ማዘኑ አይደንቅም። ድባቴ ግን ቢያንስ ለሁለት ሳምንት በአብዛኛው ቀን የሚዘልቅ፣ ሰውየው ይወደው የነበረውን ነገር ሁሉ የሚያስጠላውና ራሱን እንደ ከንቱ እንዲቆጥር የሚያደርገው ሕመም ነው። «ያልፋል» ተብሎ ሲታለፍ የሚያስከትለውን ጉዳት በአገራችን የተደረገ አንድ ጥናት በግልጽ ያሳያል። በ2018 እ.ኤ.አ. በታተመው በዚህ ጥናት፣ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ከጀመሩ ከ600 በላይ ኢትዮጵያውያን መካከል፣ ገና ከመነሻው የድባቴ ምልክት ታይቶባቸው ለዚያ ሕክምና ያላገኙት መድኃኒታቸውን የማቋረጥም ሆነ የመሞት ዕድላቸው ከሌሎቹ ከፍ ብሎ ተገኝቷል።

«መጠይቁ ከፍተኛ ነጥብ ካሳየ ታካሚው ድባቴ አለበት»

መጠይቅ ማጣሪያ ነው፤ የሕመሙን መኖር የሚወስነው ባለሙያ በቃለ መጠይቅ ካየው በኋላ ነው። በሆስፒታል ውስጥ ይህ ልዩነት ይበልጥ ይከብዳል፤ ምክንያቱም እንቅልፍ ማጣት፣ ድካምና የምግብ ፍላጎት መቀነስ ከድባቴም ከአካል ሕመምም ሊመጡ ይችላሉ። ዚግመንድና ስናይዝ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች በ1983 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ያዘጋጁት 14 ጥያቄዎች ያሉት የሆስፒታል መጠይቅ፣ እንደ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ያሉትን ምልክቶች ሆን ብሎ የተወው ለዚህ ነው። በአገራችንም ጥቅም ላይ የሚውለው ባለ 9 ጥያቄው መጠይቅ ግን እነዚህን ያካትታል፤ ከጠቅላላው 27 ነጥብ ውስጥ 10ና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው ተጨማሪ ምርመራ እንዲደረግለት ይመከራል። ስለዚህ ሁለት ጥናቶች በተለያየ መጠይቅ ሠርተው የተለያየ መቶኛ ቢያወጡ፣ አንባቢ ቁጥሮቹን ከማነጻጸሩ በፊት የመለኪያውን ዓይነት ቢያይ ይበጃል።

«ድባቴው ከታከመ ልቡም ይድናል»

ይህ አመለካከት ከእውነት ብዙ ስላልራቀ በቀላሉ ያሳስታል። በ1993 እ.ኤ.አ. ከሞንትሪያል፣ ካናዳ የወጣ ጥናት፣ ድንገተኛ የልብ ሕመም ካጋጠማቸው 222 ታካሚዎች መካከል ድባቴ የነበረባቸው በቀጣዮቹ ስድስት ወራት የመሞት ዕድላቸው ከፍ ያለ እንደሆነ አመለከተ። ብዙዎች ከዚህ ተነሥተው ድባቴውን ማከም ዕድሜ ያራዝማል ብለው ተስፋ አደረጉ። ይህን ተስፋ ለመፈተን በአሜሪካ 2,481 የልብ ታካሚዎች የተሳተፉበት ትልቅ ሙከራ ተካሂዶ ውጤቱ በ2003 እ.ኤ.አ. ይፋ ሲሆን፣ የንግግር ሕክምና ያገኙት ሰዎች ድባቴያቸው ከንጽጽር ቡድኑ ይበልጥ ቢቃለልም፣ በሞትና ዳግም በሚከሰት የልብ ሕመም ረገድ ልዩነት አልታየም። ሁለት ነገሮች አብረው መታየታቸው አንዱ የሌላው መንስኤ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም።

ነገር ግን «እንግዲያው ማከሙ ምን ይጠቅማል?» የሚለውን ጥያቄ አጥብቄ እቃወማለሁ። የአንድ ሰው ከጨለማ ስሜት መውጣት በራሱ የሕክምና ግብ ነው፤ ዋጋ እንዲኖረው የግድ የሞትን መጠን መቀነስ አይጠበቅበትም።

«አባባ መቀባዠራቸው ከእርጅና ነው»

ትናንት ከሰው ጋር በደንብ ይጫወቱ የነበሩ አዛውንት ከቀዶ ሕክምና በኋላ ልጃቸውን መለየት ሲያቅታቸው፣ አንዱ እርጅና፣ ሌላው እብደት፣ ሌላው መንፈስ ነው ይላል። በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ የሚጀምርና በቀኑ ውስጥ እየባሰ እየተሻለ የሚሄድ መቃዠት ግን ብዙውን ጊዜ ዴሊሪየም የሚባለው የአእምሮ መታወክ ነው፤ ከጀርባውም ኢንፌክሽን፣ የሰውነት ፈሳሽ ማነስ፣ የኦክስጅን እጥረት ወይም መድኃኒት ሊኖር ስለሚችል አስቸኳይ ምርመራ ያስፈልገዋል። በተለይ የሚያሳስበው ታካሚው ሳይጮህና ሳይታገል ፈዝዞ የሚተኛበት ዓይነት ነው፤ «ዛሬስ ዐረፉ» ተብሎ በቀላሉ ይታለፋል።

በአሜሪካ፣ በዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ዕድሜያቸው 70ና ከዚያ በላይ የሆኑ 852 ታካሚዎችን ተከታትሏል። ቀኑንና ቦታውን ማስታወስ፣ ከአልጋ አስነሥቶ ማንቀሳቀስ፣ የሌሊት እንቅልፍን መጠበቅ፣ መነጽርና የመስሚያ መሣሪያ ማቅረብ፣ ውኃ ማጠጣት፦ እነዚህ ከተደረጉላቸው መካከል ዴሊሪየም የታየው በ9.9 በመቶው ሲሆን በተለመደው እንክብካቤ ውስጥ በነበሩት 15 በመቶ ነበር። አንዴ ከጀመረ በኋላ ግን እንክብካቤው ክብደቱን አልቀነሰም፤ ስለዚህ ትልቁ ሥራ መከላከል ነው። በእኛ ሆስፒታሎች ከአልጋው አጠገብ የማይጠፋው አስታማሚ ከእነዚህ አብዛኞቹን ማድረግ ይችላል። የታካሚውን የትናንት ጠባይ የሚያውቀው እሱ ስለሆነ፣ «እንዲህ አልነበሩም» ብሎ ሲናገር ሐኪሙ ቃሉን እንደ አንድ የምርመራ መረጃ ሊወስደው ይገባል።

«የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ለጥናት መስማማት አይችልም»

ድባቴ ወይም ጭንቀት ብቻውን የመወሰን ችሎታን አይነጥቅም፤ የሚታየው ታካሚው የተነገረውን መረዳቱና ማመዛዘኑ ነው። የሚቃዥ ታካሚን በተመለከተ ግን ሕጋዊ ወኪሉ ይጠየቃል፤ አእምሮው ሲረጋጋ ደግሞ ራሱ እንደገና ይጠየቃል። አልሳተፍም ማለቱ የሚያገኘውን ሕክምና ሊያጓድልበት አይገባም።

«ስለ ራስን ማጥፋት መጠየቅ ሐሳቡን ያመጣል»

ይህ ፍርሃት በጥናት ተፈትኗል። በኒውዮርክ ከ2,000 በላይ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የተሳተፉበትና በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ ሙከራ፣ ጥያቄው የተጠየቁት ካልተጠየቁት በበለጠ እንዲህ ያለ ሐሳብ እንዳላደረባቸው አሳይቷል። ተሳታፊዎቹ ተኝቶ ታካሚዎች ባይሆኑም፣ በሌሎች የኅብረተሰብ ክፍሎችና በታካሚዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ተመሳሳይ ነገር ያመለክታሉ። ከላይ በተጠቀሰው ባለ 9 ጥያቄ መጠይቅ የመጨረሻው ጥያቄ ይኸው ነው፤ በእርሱ ላይ «አዎ» ያለ ታካሚ ጥናቱ እስኪተነተን መጠበቅ የለበትም፤ መረጃ ሰብሳቢው ለተረኛው ሐኪም በዚያው ሰዓት ማሳወቅ አለበት፤ የሥነ ምግባር ኮሚቴም ይህ አሠራር በጽሑፍ ያልቀረበለትን ጥናት ማጽደቅ የለበትም።