«ቤቴን ሊወስዱብኝ ነው» እና ሌሎችም፦ ወሎ ላይ ስለ ቅርስ ጥበቃ የምንሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች

ደሴ ውስጥ የአንድ ትንሽ የቅርስ ወዳጆች ማኅበር አባል ነኝ። መምህራን፣ ግንበኞች፣ ተማሪዎች፣ ነጋዴዎችና ጡረታ የወጡ ሰዎች አሉበት። ሥራችን ቀላል ነው። ክረምት ከመግባቱ በፊት የድሮ ቤቶችን አሸንዳና ቦይ እንጠርጋለን። ተማሪዎችን ይዘን ከተማዋን በእግር እናዞራለን። የድሮ ፎቶ ያለው ሰው ሲያመጣልን ኮፒ አድርገን ዋናውን እንመልሳለን። ቡና ተፈልቶ ሽማግሌዎች ሲጫወቱ ድምፃቸውን እንቀዳለን።

ይህን ለመሥራት በር ስናንኳኳ ግን ብዙ ጥርጣሬ ይገጥመናል። ጥርጣሬው ሁሉ ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ አንዳንዱ በቂ ምክንያት አለው። ደጋግመን የምንሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳ።

«ቤቴ ቅርስ ነው ከተባለ መንግሥት ይወስደዋል»

ከሁሉም በላይ የምንሰማው ይህን ነው። በተለይ በዕድሜ የገፉ እናቶች «ልጄ፣ እኔን ተዉኝ፣ አትመዝግቡኝ» ብለው ከደጅ ይመልሱናል። አልፈርድባቸውም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ፣ ቁጥር 47/1967፣ የስንቱን ሰው ቤት እንደወሰደ በዓይናቸው ያዩ ናቸው። መዝገብ የያዘ ሰው ግቢያቸው ሲገባ ቢደነግጡ ምን ይገርማል?

የቅርስ ሕጉ ግን ሌላ ነው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በመንግሥትም በግለሰብም ባለቤትነት ሥር ሊሆን እንደሚችል ይቀበላል። ቤቱ ተመዘገበ ማለት ባለቤቱ ተቀየረ ማለት አይደለም። ትኖሩበታላችሁ፣ ለልጆቻችሁም ታወርሱታላችሁ።

ግዴታ ይመጣል። ይህን መደበቅ አልወድም። ባለቤቱ ቅርሱን በራሱ ወጪ መንከባከብ አለበት። ለማደስ ሲፈልግ አስቀድሞ ማስፈቀድ አለበት። ለሌላ ሰው ሲያስተላልፍ ማሳወቅ አለበት። ቅርሱን ለመጠበቅ ሲባል ካሳ ተከፍሎ ሊወሰድ የሚችልበት ልዩ ሁኔታም በአዋጁ ውስጥ አለ። እኛ ይህን ቀድመን እንናገራለን። ሰው ነገሩን ከሌላ ሰምቶ «ደበቁኝ» ካለ በኋላ አመኔታው አይመለስም።

ሌላም ልብ በሉ። ማኅበራችን መዝጋቢ አይደለም። ምዝገባ የመንግሥት የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤቶችና የቅርስ ባለሥልጣኑ ሥራ ነው። እኛ አሸንዳ ልንጠርግ ስንመጣ የምንይዘው አካፋና መሰላል ነው። ስለዚህ አብሽሩ፣ በሩን ክፈቱልን።

«ቅርስ ማለት ላሊበላ ነው»

ላሊበላማ ላሊበላ ነው። 11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ መጀመሪያ ከመዘገባቸው 12 የዓለም ቅርሶች መካከል ናቸው። ማንም አይከራከርም።

ችግሩ ዓይናችን ሁሉ እዚያ ሲተከል ነው። እዚሁ ደሴ መሀል የንጉሥ ሚካኤል የአይጠየፍ አዳራሽ አለ። በ1906 ዓ.ም. ንጉሠ ወሎ ወትግሬ ተብለው የነገሡት ንጉሥ ሚካኤል ግብር ያበሉበት ነው። በየቀኑ በአጠገቡ እያለፈ ገብቶ አይቶት የማያውቅ የደሴ ልጅ ሞልቷል። ወደ አምባሰል ብትወጡ ይስማ ንጉሥ አለ። ለዓድዋ ጦርነት ምክንያት የሆነው የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመበት ቦታ ነው። ከሚሴ አቅራቢያ ደግሞ የአርጎባዎቹ መንደር ሾንኬ አለች፤ ተራራ ላይ ተጠጋግተው የተሠሩ የድንጋይ ቤቶቿን ያየ ሰው አይረሳቸውም።

ቅርስ ደግሞ ድንጋይ ብቻም አይደለም። ባቲና አምባሰል ብለን የምንጠራቸው ቅኝቶች ስማቸው የዚሁ አገር ቦታ ስም ነው። መንዙማው፣ የዱዓው ሥርዓት፣ የጫት ቤቱ ምርቃት፣ እነዚህ ሁሉ የሚያውቃቸው ሰው ሲያልፍ አብረው ያልፋሉ። ለዚህ ነው መቅጃ ይዘን ሽማግሌ የምንፈልገው። ጣልያን በኅዳር 1928 ዓ.ም. ደሴን በአውሮፕላን ሲደበድብ አፄ ኃይለ ሥላሴ እዚሁ እንደነበሩ መጽሐፍ ላይ ታገኙታላችሁ። የእናንተ አያት የዚያን ቀን የት ተደብቀው እንደዋሉ ግን ከቤተሰባችሁ በቀር የሚነግረን የለም።

«ማደስ ማለት በሲሚንቶ መለሰን ነው»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ምክንያቱም በቅን ልብ ብዙ ቤት የፈረሰው በዚህ ነው።

የድሮዎቹ የወሎ ቤቶች በአብዛኛው ድንጋይ በጭቃ ተያይዞ የተሠሩ ናቸው። እንዲህ ያለ ግድግዳ እርጥበት ይጠጣል፤ ፀሐይ ሲወጣ ደግሞ መልሶ ይተፋዋል። ባለቤቱ ገንዘብ ሲያገኝ «ላጠንክረው» ብሎ በሲሚንቶ ይለስነዋል። ለአንድ ሁለት ዓመት ያምራል። ውሃው ግን ከመሬት ሽቅብ ይሳባል፣ በላይም በስንጥቁ ይገባል። መውጫው በሲሚንቶ ስለተዘጋ ውስጥ ይቀራል። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ በላዩ ሲጨመር፣ ድንጋዩን የያዘው ጭቃ ይላሽቃል። ግድግዳው ሆድ ያወጣል።

ቤታችሁ እንዲህ የተለሰነ ከሆነ አሁኑኑ መሞከር ትችላላችሁ። ግድግዳውን ከታች ጀምራችሁ በጣታችሁ አንኳኩ። ድምፁ ድፍን ከሆነ ደህና ነው። ባዶ ጣሳ እንደመምታት ካስተጋባ፣ ልስኑ ከግድግዳው ለቋል ማለት ነው። ከዚያ ጀርባ ያለው ጭቃ ብዙ ጊዜ እርጥብ ነው፤ ልስኑ ሲነሳ በእጅ እየተፈረፈረ ይወርዳል።

መድኃኒቱ አያቶቻችን የሚያውቁት ነው። ጭድ የገባበት ጭቃ በደንብ ይቦካል፣ ለቀናት ይሰነብታል፣ እንደገና ይረገጣል፣ ከዚያ ይመረጋል። ከላዩ በኖራ ቢለሰን ደግሞ ይበልጥ ይቆያል። ርካሽ ነው። በየጊዜው መደጋገሙ ግን አይቀርም፤ ሰው የሚሰለቸውም ለዚህ ነው። ከሁሉም በፊት ግን ውሃው ይቅደም። የጣራው ክፈፍ ከግድግዳው ራቅ ብሎ ይውጣ፣ አሸንዳው ይጠረግ፣ ከቤቱ ሥር ያለው ቦይ ውሃውን ወደ ውጭ ይውሰድ። እኔ ባየሁት ቦይ መጥረግ ከማንኛውም ልስን የበለጠ ቤት አድኗል። የግንቦት ዘመቻችንን በአካፋ የምንጀምረውም ለዚህ ነው።

በጎ ሐሳብ ብቻውን እንደማይበቃ ላሊበላም ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በተደረገ ጥገና አንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ሬንጅና ቀይ ቅብ ተቀብተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ከመጡት ባለሙያዎች ሥራ አንዱ ያንን መላጥ ሆነ።

«ይሄ ማኅበር የእነእገሌ ሃይማኖት ነው»

አይደለም። በአንድ ወር ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሄደን በሌላው ጀማ ንጉሥ ለመውሊድ እንገኛለን። ወሎ ላይ አጎቱ ሌላ እምነት ያለው፣ አያቷ ስም የቀየሩ ሰው መቁጠር አያስቸግርም። ንጉሥ ሚካኤል ራሳቸው መጀመሪያ መሐመድ ዓሊ ነበሩ።

«ብራናውን ፎቶ ካነሱት ተሰረቀ ማለት ነው»

ቄሰ ገበዞቹ ቢጠራጠሩ እውነት አላቸው። ጎብኚ መስሎ መጥቶ ቅርስ ይዞ የጠፋ ብዙ ነው። ነገር ግን ፎቶ የሌለው ብራና ሲጠፋ «የእኛ ነው» ብሎ ማስመለስ በጣም ከባድ ነው። በሐይቅ እስጢፋኖስ ያለው የአቡነ ኢየሱስ ሞአ ወንጌል 13ኛው ክፍለ ዘመን ላይ የተጻፈ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ሲያነሳ የነበረው ፕሮጀክት እሱንም ቀድቶታል። መጽሐፉ ከገዳሙ አልወጣም፤ ቅጂው ግን ዛሬ ለተመራማሪ ይደርሳል።

ሲነሳ ሥርዓት አለው። እጅ ታጥቦ በደንብ ይደርቃል። ፍላሽ አይበራም። መጽሐፉ ከግቢው አይወጣም፣ ጠባቂው ከአጠገቡ አይለይም። የፎቶው አንድ ቅጂ እዚያው ለባለቤቶቹ ይሰጣል። ይህን የማያሟላ ሰው ቢመጣባችሁ እኛም ብንሆን መልሱን።

«የተዘረፈ ተዘርፏል፣ ምን ይደረጋል?»

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል። ሙዚየሙ የነበረበት ቤት ራሱ ቅርስ ነው፤ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ ነበር። ይህን ሲያነሱ ዛሬም ድምፃቸው የሚሰበር ሰዎች አሉ፤ እኔም ከነሱ አንዱ ነኝ።

ቢሆንም ተስፋ መቁረጥ አያስፈልግም። መቅደላን ተመልከቱ። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር አምባውን ዘረፈ። ከ150 ዓመት በኋላ፣ በ2011 ዓ.ም.፣ የንጉሡ ቁንዳላ ከለንደን ተመለሰ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ከመቅደላ የተወሰዱ ሌሎች ዕቃዎች አገራቸው ገቡ። ዋናው ሀብት ገና እንግሊዝ አገር ነው፣ ጥያቄውም አልቆመም። ወደ 7 ቶን የሚጠጋው የአፄ ቴዎድሮስ መድፍ፣ ሴባስቶፖል፣ ግን መቅደላ ላይ ቀርቷል፤ ሂዱና እዩት።

የተዘረፈን ነገር ለመፈለግ ፖሊስም ሆነ ጉምሩክ መረጃ ይጠይቃል። ምን ዓይነት ዕቃ ነው፣ ከምን ተሠራ፣ ቁመቱና ወርዱ ስንት ነው፣ የተሰበረ ወይም የተለጠፈ ቦታ አለው፣ ጽሑፍ አለበት? አጠገቡ ማስመሪያ ተቀምጦ የተነሳ ፎቶም ያስፈልጋል። ከሙዚየሙ ዕቃዎች ጋር ፎቶ የተነሳችሁ፣ በትምህርት ቤት ጉብኝት ጊዜ ከበስተጀርባችሁ ጋሻ ወይም ዘውድ የታየበት ፎቶ ያላችሁ፣ እባካችሁ አምጡልን። ለእናንተ የልጅነት ማስታወሻ ነው፤ ለፈላጊው ማስረጃ ሊሆን ይችላል።

«ታሪክ ያልተማረ ሰው ምን ይሠራል?»

ብዙ ይሠራል። የታሪክ ምሩቅ አላጣንም። ያጣነው ምርጊት የሚያውቅ ግንበኛ ነው። ጭቃው መቼ እንደበሰለ በእጁ ነክቶ የሚለይ፣ ጭዱ ስንት እንደሚበቃ የሚያውቅ፣ ለወጣቶችም ለማሳየት ፈቃደኛ የሆነ። እንዲህ ያለ አባት ሰፈራችሁ ካሉ ጠቁሙን። ወጣቶቹን ይዘን እኛው ቤታቸው ድረስ እንመጣለን።