በሩን የዘጋው አገልጋይ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞች፣ ይህን የምጽፈው በተለይ ለእናንተ ለወንዶቹ ነው። እኅቶች ብታነቡት ደስ ይለኛል። ነገር ግን በቤት ውስጥ ስለሚፈጸም ጥቃት ትምህርት በተጠራ ቁጥር አዳራሹን የሚሞሉት ሴቶች ናቸው፤ እኛ ውጭ ጥላ ሥር ቆመን ስልካችንን እንነካካለን። ተደብዳቢዋ ስለ ዱላ ተምራ ምን ታድርገው? እስኪ ዛሬ እንኳ ነገሩ ወደ እኛ ይዙር።

የምናነበው ሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 13ን ነው። በዐውደ ምሕረት ብዙ አይሰበክም፤ ሲሰበክም ስለ አምኖን ፍትወት ተነግሮ "ከዝሙት እንራቅ" ተብሎ ይታለፋል። የንጉሥ ዳዊት ልጅ አምኖን በአባት የምትገናኘውን እኅቱን ትዕማርን በግድ ደፈራት። እንዳያደርገው ለምናዋለች፤ እንዲህ ያለ ነገር በእስራኤል ዘንድ እንደማይገባ አስረድታዋለች፤ ጉልበቱ ስለበለጠ አልሰማትም። ምዕራፉን ደጋግሜ ሳነበው ግን ዓይኔ የሚያርፈው በሌሎቹ ወንዶች ላይ ነው። ወዳጅ አለ፣ አገልጋይ አለ፣ አባት አለ፣ ወንድም አለ። አንዳቸውም እጃቸውን አላነሡባትም። ነገሩ ተፈጽሞ ተዳፍኖ የቀረው ግን በእነዚህ ሰዎች እጅ ነው።

መጀመሪያ ኢዮናዳብ። የአምኖን ወዳጅም የአጎቱ ልጅም ነው። መጽሐፍ "እጅግ ብልህ ሰው ነበረ" ይለዋል። ብልኅነቱ የታየው "የታመምህ መስለህ ተኛ፤ አባትህ ሊጠይቅህ ሲመጣ ትዕማር መጥታ ታብላኝ በለው" ብሎ በመምከሩ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ የትዕማር ወንድም አቤሴሎም አምኖንን ሲያስገድል፣ የንጉሡ ልጆች በሙሉ አለቁ የሚል ወሬ ዳዊት ዘንድ ደረሰ። ያን ጊዜ ንጉሡን ሊያጽናና ብቅ ያለው ማን መሰላችሁ? ይኸው ኢዮናዳብ። የሞተው አምኖን ብቻ ነው፤ እኅቱ ከተደፈረችበት ቀን ጀምሮ አቤሴሎም ይህን ቆርጦ ነበር ይላል። ሁሉንም ያውቅ ነበር ማለት ነው። ምክሩን ሰጥቶ፣ የሆነውን አውቆ፣ አፉን ይዞ ተቀምጧል።

ኢዮናዳብን እዚህ ድሬዳዋ ውስጥ ፈልጉት ብትሉኝ ሩቅ አልሄድም። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ጫት የሚቃምበት በርጫ የተዘረጋበት ክፍል ውስጥ አለ። ፍራሹ ላይ ጋደም ብሎ፣ ትራሱን በክንዱ ደግፎ፣ ቀዝቃዛ ውኃውን አጠገቡ አድርጎ፣ አንዱ ስለ ሚስቱ ሲያማርር "አቦ አንተ ደግሞ ለቀሃታል! አንድ ቀን ቆንጠጥ አድርጋትና እያት" የሚለው እሱ ነው። (መቃሙን ለሌላ ቀን ላቆየው፤ አባቶች ብዙ ብለውበታል።) ምናልባት እሱ ራሱ ቤቱ ገብቶ ማንንም አይነካም። ቀልዱን ሰምቶ የወጣው ግን ማታ ምን እንደሚያደርግ ማን ያውቃል? ሌሎቻችን ደግሞ እንስቃለን። የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ስንሆን እንኳ እንስቃለን። አንድ ሰው "ይሄ አያስቅም፤ ሚስቱን የሚመታ ሰው አላከብርም" ቢል ክፍሉ ዝም ይላል፤ ትንሽ ይከብዳል፤ ከዚያ ወሬው ይቀየራል። ከዚህ በላይ የሚጠይቅ ነገር የለም።

እንዲህ የሚል ሰው ጥቂት ነው ብላችሁ አትፍሩ። በ2008 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ባል ሚስቱን ቢመታ ልክ የሚሆንበት ምክንያት ይኖር እንደሆነ ጠይቆ ነበር፤ ወጥ ስላሳረረች፣ ስለተከራከረችው፣ ሳትነግረው ስለወጣች፣ ልጆቹን ስለዘነጋች፣ መኝታ ስለከለከለችው። ከወንዶቹ 28 በመቶው ቢያንስ በአንዱ ምክንያት ልክ ነው አሉ። ከሴቶቹ 63 በመቶው። የሴቶቹ ቁጥር መብለጡ ያሳዝናል፤ እናቶቻችን ምን እየተባሉ እንዳደጉ ይነግረናል። እኔ ግን የወንዶቹን ቁጥር ገልብጣችሁ እንድታዩት እፈልጋለሁ። ከመቶ ሰባ ሁለቱ ልክ ነው አላሉም። በዚያው ዳሰሳ አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች 34 በመቶው ከባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት ደርሶብናል ብለዋል። ሰባ ሁለቱ ታዲያ የት ነበሩ?

አንደኛው በር እየዘጋ ነበር። አምኖን ትዕማርን ከደፈራት በኋላ ጠላት፤ አገልጋዩንም ጠርቶ ከፊቴ አስወጥተህ በሩን ዝጋባት አለው። አገልጋዩ ስሙ እንኳ አልተጻፈም። አስወጣት፤ ዘጋው። ትዕማር ያን የንጉሥ ልጆች የሚለብሱትን ልብሷን ቀድዳ፣ አመድ በራሷ ነስንሳ፣ እየጮኸች ሄደች።

የድሬ ቤት ደግሞ ምስጢር አይደብቅም። በሙቀቱ ወራት መስኮቱ ተከፍቶ ይታደራል፤ ግቢ ውስጥ አልጋ አውጥቶ የሚተኛም ብዙ ነው። ጠብ ሲነሣ ከመጀመሪያዋ ቃል ጀምሮ ይሰማል። ቀጥሎ የሚወድቅ ዕቃ፣ ቀጥሎ የልጅ ለቅሶ። ያን ጊዜ ተነሥቶ የቴሌቪዥኑን ድምፅ የሚጨምር አባወራ በሩን ዘጋባት። "በባልና ሚስት መሃል አይገባም" ሲል ደግሞ ቆለፈው። በእኛ ሰፈር፣ እውነት ለመናገር፣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያንኳኳው ለሱብሒ፣ ለንጋት ሶላት፣ የወጣ ሙስሊም ጎረቤታችን ነው። የእኛ ሰው ነጠላውን አጣፍቶ በዚያው ደጅ ወደ ቅዳሴ ያልፋል።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በአንደኛ ቆሮንቶስ ላይ ባስተማረው 26ኛ ድርሳኑ ባል ሚስቱን እንዲመታ የሚያደርስ ምንም ጥፋት የለም ብሎ አስተምሯል። የምትመታ ሴት ጩኸት በየመንገዱ ሲሰማ፣ ቤት ውስጥ አውሬ የገባ ይመስል ጎረቤቱም መንገደኛውም ወደዚያ እንደሚሮጥ ይናገራል፤ እንዲህ ሚስቱን የሚመታ ሰው ከዚያ በኋላ በአደባባይ ከሚታይ ምድር ብትውጠው ይሻላል ይላል። ከተናገረው 1600 ዓመት አልፎታል። ልብ በሉ፤ በእርሱ ከተማ ጎረቤት ይሮጥ ነበር።

መሮጡ ደግሞ ጀግንነት አይጠይቅም። "ልጄ እናንተ ጋ መጣ እንዴ?" ብሎ ማንኳኳት ብቻ የተነሣውን እጅ ብዙ ጊዜ ያወርደዋል። ብቻችሁን አትሂዱ፤ ሁለት ሦስት ሁኑ። ቢላ ወይም መሣሪያ ካለ አትግቡ፣ ፖሊስ ጥሩ። በማግስቱ ባልየው በሌለበት ሚስትህ ወይም እናትህ ሄዳ ምን እንደምትፈልግ ትጠይቃት። የተደፈረች ካለች ጊዜ አይሰጥም፤ ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው፤ በቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል። "እስኪ መጀመሪያ ሽማግሌ ይሰብሰብ" ሲባል ያ ሰዓት ያልቃል።

ወደ ዳዊት እንምጣ። ቁጥር 21 ንጉሡ ይህን ሁሉ ሰምቶ እጅግ እንደ ተቈጣ ይነግረናል። ከዚያስ? ከዚያ ምንም የለም። ሰብዓ ሊቃናት የተባለው ጥንታዊው የግሪክ ትርጉም ምክንያቱን ያክልበታል፤ በኵሩ ስለሆነ ይወድደው ነበርና የአምኖንን ልብ አላሳዘነም። አባቶች ሆይ፣ ይህ ቁጣ የምናውቀው ቁጣ ነው። ልጅ እኅቱን በጥፊ ሲመታ "ተው አንተ!" ብለን ከፍ አድርገን እንጮሃለን፤ ወዲያው ደግሞ "አንቺስ ምን አደረግሽው?" ብለን ወደ ልጅቱ እንዞራለን። ልጁ የሚማረው ሁለተኛውን ነው። እሷ ሳህን ስታጥብ እሱ ኳስ ይዞ ይወጣል፤ ሲያለቅስ "ሴት ነህ እንዴ?" ይባላል። ከቁጣ በቀር ሌላ ስሜት ያልተፈቀደለት ልጅ ሃያ ዓመት ሲሞላው ኀዘኑንም፣ ኀፍረቱንም፣ ፍርሃቱንም በቁጣ ቢያወጣ ምን ይገርማል?

ዳዊት ለምን ዝም እንዳለ ምዕራፍ 11ን ያነበበ ይገምታል። የኦርዮንን ሚስት ወስዶ ባሏን ያስገደለበት ነገር አፉን ይዞት ይሆናል። ብዙ አባት "እኔም በወጣትነቴ እናትህን መትቻለሁ፤ በምን አፌ ልምከረው?" ይላል። እኔ ግን እንዲህ እላለሁ፤ ዳዊት ስለዚያ ኃጢአቱ ንስሐ ከገባበት ከመዝሙር 50 በኋላ አፍ የሚያዝበት ምክንያት የለም። ንስሐ የገባ አባት ልጁን አስቀምጦ "አጥፍቼ ነበር፤ እናትህን በድያታለሁ፤ አንተ እንዳትደግመው" ቢለው፣ ያ ልጅ ከየትኛውም ስብከት የማያገኘውን ያገኛል።

አቤሴሎም ከሁሉም ይሻላል የሚል አለ፤ ተበቅሎላታል። እስኪ መጀመሪያ ያላትን አንብቡ፤ እኅቴ ሆይ ዝም በዪ፣ ወንድምሽ ነው፣ በልብሽ አትያዢው። የኛም ሽማግሌዎች ቃል ይኸው አይደለም? "ቻይው፣ የልጆችሽ አባት ነው፣ ገመና አታውጪ።" ዝም አሰኛት፣ ሰው ገደለ፣ ኋላም በአባቱ ላይ ዐመፀ። ትዕማር ግን በቤቱ ብቸኛ ሆና ተቀመጠች። ምን ትፈልጊያለሽ ያላት ሰው በምዕራፉ ውስጥ የለም። ሽምግልና ክቡር ነው፤ ዕዳንና ድንበርን ይፍታ። በዱላ የተጎዳች ሴት ጉዳይ ሲመጣ ግን ጉልበት አስሞ ማሰናበት ዕርቅ አይባልም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ወንጀል አድርጎታል፤ ሽማግሌ ይህን የመሰረዝ ሥልጣን የለውም።

"ወንድ እኮ ራስ ነው" የሚለኝ ወንድም ይኖራል። በአገራችን ሕግ ባልን የቤተሰብ አለቃ ያደርግ የነበረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ድንጋጌ በ1992 ዓ.ም. በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ቀርቷል፤ ይህም ሕግ ድሬዳዋ ላይ በቀጥታ ይሠራል። አንተ ግን የምትጠቅሰው ኤፌሶን 5፥23ን ነው፤ መልካም፣ እስከ 25 ድረስ አንብበው። ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን የወደዳት ራሱን ስለ እርስዋ አሳልፎ በመስጠት ነው። ራስ የሆነው እርሱ ወገቡን ታጥቆ፣ ውኃ በመታጠቢያ አድርጎ፣ እግር አጠበ። ተመታ እንጂ አልመታም። ከዚህ ውስጥ ለዱላ የሚሆን ማስረጃ ያገኘህ ቀን አምጣልኝና እንወያይ።

ለሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን አንድ ነገር ልበል። ይህን ምዕራፍ ለአሥራ አምስትና ለአሥራ ስድስት ዓመት ወንዶች ልጆች አስተምሩት፤ አትፍሩ፣ ከዚህ የባሰ በስልካቸው ያያሉ። አምኖንን ተዉላቸውና አገልጋዩን ስጧቸው። "በሩን ዝጋ ብትባል ምን ታደርግ ነበር?" ብላችሁ ጠይቁ። "ሥራዬን አጣለሁ" የሚል ይመጣል፤ "ጓደኛዬን አሳልፌ አልሰጥም" የሚል ይመጣል። አትቆጧቸው፤ እውነተኛው ጥያቄ እዚያ ላይ ነው። ጓደኛቸው የሴት ልጅ ፎቶ ሲልክላቸው የሚገጥማቸው ይኸው በር ነው።

ሐምሌ 19 ለቁልቢ ገብርኤል ስለት የያዛችሁ ወንድሞች ደግሞ፣ ከመነሣታችሁ በፊት ሚልክያስ 2፥13ና 14ን አንብቡ። እግዚአብሔር መሥዋዕታቸውን ያልተቀበለው በሰውዬውና በልጅነት ሚስቱ መካከል ምስክር ስለሆነ ነው። ጴጥሮስም በመጀመሪያው መልእክቱ 3፥7 ላይ ባሎችን ጸሎታችሁ እንዳይከለከል ብሎ አስጠንቅቋል። ቤት ውስጥ የበደልካት ካለች ሻማውንና ጥላውን አስቀምጥና መጀመሪያ ወደ ንስሐ አባትህ ሂድ፤ ከሷም ፊት ቆመህ ያደረግኸውን በስሙ ጥራው። ይቅር በዪኝ ብለህ አታስጨንቃት፤ ይቅርታው የእሷ ነው፤ በራሷ ጊዜ ትሰጣለች ወይም አትሰጥም። በሕግ የምትጠየቅበት ካለ ተጠየቅ። ይህ ሁሉ ጊዜ ወስዶ ሐምሌ ቢያልፍህ፣ ታኅሣሥ 19 አለልህ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።