የዕድሜ ልክ ዘይት ምንድን ነው? የማን ዕድሜ?

ሰሞኑን አንድ ሰው ያገለገለ ቅንጡ ኤስዩቪ ሊገዛ አስቦ ምክር ሲጠይቅ አየሁ። አንዱ ወዲያው መለሰለት፦ «ካምቢዮው የዕድሜ ልክ ዘይት ነው ያለው። ሰርቪስ የሚባል ነገር አያውቅም። ደግሞ እንዳታስነካው፤ ዘይቱ የተቀየረ ቀን ካምቢዮው አለቀለት።» ከሥሩ «ትክክል ነህ» ባዮች ተሰልፈዋል። ይህ ቃል እንዲህ ሲወረወር ሳይ ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ አልፌያለሁ። አሁን ግን አልቻልኩም፤ ይህን ምክር አምነው የቆዩ ሰዎችን ካምቢዮ የምፈታው እኔ ነኝና።

ኦቶማቲክ ካምቢዮ እንዴት እንደሚሠራ ከሀ ጀምሬ አልዘረዝርም። ዘይቱ ማለስለስ ብቻ ሳይሆን ግፊት እንደሚያስተላልፍ፣ ሙቀት እንደሚወስድና ፍሪሲዮኖቹ (እየያዙና እየለቀቁ ማርሽ የሚያስገቡት ሸራ የለበሱ ዲስኮች) በልኩ እንዲይዙ እንደሚያደርግ ብቻ ያዙልኝ። የኔ ነገር «ዕድሜ ልክ» ከምትለው ቃል ጋር ነው።

የዕድሜ ልክ ዘይት ማለት የመኪናው አምራች በሰርቪስ ሠንጠረዡ ላይ ለዚያ ዘይት የመቀየሪያ ኪሎ ሜትር አልጻፈም ማለት ነው። በቃ፣ ትርጉሙ ይኸው ነው። ዘይቱ አያረጅም ማለት አይደለም። የማይሞት ዘይት ተፈልስፎ ገብቶበታል ማለትም አይደለም። ቃሉን ልብ ብላችሁ እዩት፦ ካምቢዮው በ160,000 ኪሎ ሜትር ቢሞት ዘይቱ እስከ ካምቢዮው ዕድሜ ፍጻሜ አገልግሏል። በ300,000 ቢሞትም እንደዚያው። እንዲህ ያለ ቃል መቼም ሊሳሳት አይችልም፤ ስለዚህ ለገዢ የሚነግረው ነገርም የለም።

ለሰው ሳስረዳ የኪራይ ቤት እያነሳሁ ነው። አዲስ ቤት ሠርተህ አከራየህ እንበል። ሴፕቲክ ታንኩ ባዶ ነው። ለመጀመሪያው ተከራይ «የፍሳሽ ነገር አያሳስብህ፣ ማስመጠጥ አይጠበቅብህም» ብትለው አልዋሸህም። 3 ዓመት ኖሮ ይወጣል፤ ታንኩ ገና ግማሽ አልደረሰም። ሁለተኛውም ምንም ሳይሸተው ይወጣል። ሦስተኛው ሲመጣ ግድግዳው ቀለም ተቀብቷል፣ ወለሉ ያብረቀርቃል፣ ደላላው ደግሞ «ይህ ቤት ማስመጠጥ አይፈልግም፣ እስከ ዛሬ ማንም አስመጥጦ አያውቅም» ይለዋል። እውነቱን ነው፤ ማንም አላስመጠጠም። ችግሩም እሱ ነው።

ያገለገለ ቅንጡ ኤስዩቪ የሚገዛ ሰው ሦስተኛው ተከራይ ነው። አምራቹ «ዕድሜ ልክ» ሲል የሚያስበው የመጀመሪያውን ነው፤ አዲሱን መኪና ገዝቶ ወይም ለተወሰነ ዓመት ተከራይቶ፣ ዋስትናው ሳያልቅ ወይም እንዳለቀ የሚለውጠውን። ለዚያ ሰው ቃሉ ሙሉ በሙሉ እውነት ነው። የሰርቪስ ወጪው ዝቅ ብሎ ስለሚታይም ለሻጩ ደስ የሚል ቃል ነው። ለ10 ዓመት መኪና ግን ያ ዕድሜ ድሮ አልፏል።

አሁን ወደዚያ አስተያየት ሰጪ ልመለስ። ወንድሜ፣ ካምቢዮውን የሠራው ማን እንደሆነ ታውቃለህ? በብዙዎቹ ቅንጡ ኤስዩቪዎች ውስጥ ያለው ካምቢዮ የመኪናው አምራች ሥራ አይደለም። የቢኤምደብሊው ኤክስ 5፣ የሬንጅ ሮቨርና የሌሎችም ብዙ መኪኖች ኦቶማቲክ ካምቢዮ የሚመጣው ዜድኤፍ ከሚባለው የጀርመን ኩባንያ ነው። ባለ 6 ማርሹ እ.ኤ.አ. በ2001 በቢኤምደብሊው 7 ሲሪስ ወጣ፤ ባለ 8 ማርሹ ተከተለው። እና ዜድኤፍ ራሱ ምን ይላል? እንደ አነዳዱ ሁኔታ በየ80,000 እስከ 120,000 ኪሎ ሜትር ዘይቱ ይቀየር ይላል። የመቀየሪያ ዕቃውንም ዘይቱን፣ ገንዳውንና ቡሎኖቹን አንድ ላይ አድርጎ ይሸጣል። መኪናውን የሚሸጠው አይቀየርም ሲል፣ ካምቢዮውን የሚሠራው ይቀየር እያለ ነው። እኔ ካምቢዮውን የሠራውን አምናለሁ።

ከመኪና አምራቾችም ቃላቸውን ያጠፉ አሉ። ሜርሴዲስ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ያወጣውን ባለ 5 ማርሽ ኦቶማቲክ «ለዕድሜ ልክ የተሞላ» ብሎ አውጥቶት ነበር፤ ከዓመታት በኋላ 60,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ይቀየር የሚል መመሪያ መጣ። ደግሞ «አይቀየርም» የሚሉትን መመሪያዎች ገልጣችሁ «ከባድ አጠቃቀም» የሚለውን ክፍል አንብቡ። ተጎታች መጎተት፣ አቧራ፣ ዳገት፣ ከፍተኛ ሙቀት፣ እየቆሙ እየሄዱ መንዳት በብዙዎቹ ላይ ተዘርዝሮ ታገኙታላችሁ፤ እዚያ ሲደርስ ሠንጠረዡ ይለወጣል። ከ2 ቶን በላይ የሚመዝን መኪና በትራፊክ መጨናነቅ የሚነዳ ሰው የቱ ክፍል ውስጥ እንዳለ ራሱ ይፍረድ።

ለምንድን ነው ዘይቱ የሚያረጀው? አንደኛ ሙቀት ነው። በዘይት ሙያ ውስጥ የሙቀት መጠኑ በየ10 ዲግሪው ሲጨምር የዘይቱ ዕድሜ በግማሽ ያህል ይቀንሳል የሚባል ግምታዊ ሕግ አለ፤ ልክ ባይሆን እንኳ አቅጣጫውን ያሳያል። ሁለተኛው ፍሪሲዮን ነው። የዘመኑ ካምቢዮዎች ንዝረት ለመግደል ሲሉ የሞተሩን ኃይል በዘይት ወደ ካምቢዮው በሚያስተላልፈው ቶርክ ኮንቨርተር ውስጥ ያለውን ፍሪሲዮን ሆነ ብለው በትንሹ ያንሸራትቱታል። ለነጂው ምቾት ነው፤ ለዘይቱ ደግሞ የማያቋርጥ ቁሻሻ ነው። የፍሪሲዮን ሸራው በጥቂት በጥቂቱ እየተላጠ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ያው ዘይት ደግሞ የማርሽ ቅያሪውን የሚያዘው ሜካትሮኒክ ውስጥ፣ በፀጉር ስፋት በሚለኩ ክፍተቶች መካከል ይመላለሳል። ቫልቮላዎቹ በዚያ ዱቄት መፋቅ ሲጀምሩ ግፊቱ ይወርዳል፣ ግፊቱ ሲወርድ ፍሪሲዮኑ በደንብ አይጨብጥም፣ በደንብ ካልጨበጠ ይንሸራተታል፣ ሲንሸራተት ይግላል፣ ሲግል ተጨማሪ ሸራ ይላጣል። እንዲህ እየተጠላለፈ ይሄዳል።

ገንዳውን ስታወርዱ ይህን በዓይናችሁ ታያላችሁ። ጥግ ላይ ማግኔቶች አሉ። 150,000 ኪሎ ሜትር ያልተነካ ካምቢዮ ላይ ማግኔቱ በግራጫ ጭቃ ተሸፍኖ ይገኛል። በሁለት ጣት አሹት። እንደ ኩል የላመ ከሆነ የተለመደ እርጅና ነው፣ አትደንግጡ። ጣት የሚወጋ ስንጣሪ ካለበት ግን ኩሽኔታ ወይም ጥርስ እያለቀ ነው፤ ያ ሌላ ወሬ ነው። ዘይቱን አሽትቱት። እንደ ነደደ የፍሬን ሸራ ከሸተተ ፍሪሲዮኑ ተቃጥሏል፤ አዲስ ዘይት የተቃጠለ ሸራ አይመልስም።

እዚህ ላይ ነው «ዘይቱ የተቀየረ ቀን ይሞታል» የሚለው የሚመጣው። ይህ አባባል በጣም ያናድደኛል፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። ወደ ኪራይ ቤቱ እንመለስ። ሦስተኛው ተከራይ ቤቱ ሲሸት፣ ፍሳሹ ሲመለስ፣ ያኔ ነው አስመጣጭ የሚጠራው። ታንኩ ተመጠጠ፤ በሳምንቱ ግድግዳው ተደረመሰ። ጎረቤት ምን ይላል? «ሲመጠጥ ነው የፈረሰው።» ግድግዳው ግን ለዓመታት ሲበላ ነበር። ካምቢዮም እንዲሁ ነው። ሰው ዘይት የሚያስቀይረው ማርሽ መምታት ሲጀምር፣ ወይም መኪናው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ነው። የሚሞት ካምቢዮ ዘይት ተቀየረለትና ሞተ። ጓደኛህ «ቀየርኩና ሞተ» ሲልህ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቀው፦ ከመቀየሩ በፊት ምን ያደርግ ነበር? «ደህና ነበር» የሚል ሰው አልፎ አልፎ ይገኛል። አብዛኛው ግን ትንሽ ያስባል፣ ከዚያ «ትንሽ ይመታ ነበር» ይላል።

ደህና ነበር ካለ ደግሞ ጥፋቱን አቀያየሩ ላይ ፈልጉ። ይህን መናገር ግድ ይለኛል፤ ብዙ ካምቢዮ የሚሞተው በዘይት መቀየር ሳይሆን በአቀያየር ነው። እነዚህ ካምቢዮዎች የዘይት መለኪያ ዱላ የላቸውም። የዜድኤፎቹ ዘይት የሚለካው መኪናው በደልዳላ ቦታ ላይ ሆኖ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሾቹ ተራ በተራ ከገቡ በኋላ፣ የዘይቱ ሙቀት ከ30 እስከ 50 ዲግሪ ባለው ውስጥ ሆኖ ነው፤ ሙቀቱ የሚነበበውም በኮምፒውተር ነው። በጣም ከጋለ በኋላ ከለካችሁ ዘይቱ ሰፍቶ ብዙ ይፈስሳል፣ ሲቀዘቅዝ ይጎድላል። ሞተሩን አጥፍታችሁ ከሞላችሁም ይጎድላል። ዘይት የጎደለው ካምቢዮ አየር ይምጋል፤ አየር ደግሞ ግፊት አይሰጥም። በዘይት ዓይነትም ቀልድ የለም። «ይኸም የካምቢዮ ዘይት ነው» ተብሎ የሚሞላ ነገር የለም፤ በመመሪያው የተጻፈው ብቻ ነው። በግፊት የሚያጥበውን ማሽንም ብዙ ለቆየ ካምቢዮ አልመክርም፤ ተረጋግቶ የተቀመጠውን ጭቃ ቀስቅሶ ወደ ቫልቮላዎቹ ሊወስደው ይችላል። አፍስሶ መሙላት ይበቃል። ሲፈስ የሚወጣው ግማሽ ገደማው ነው፣ ቀሪው ቶርክ ኮንቨርተሩ ውስጥ ይቀራል፤ ጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ነድቶ መድገም ይቻላል። ደግሞ በብዙዎቹ ባለ 8 ማርሾች ላይ ፊልትሮው ከፕላስቲኩ ገንዳ ጋር አንድ አካል ነው። «ፊልትሮ ቀይሬልሃለሁ» ብሎ አሮጌውን ገንዳ መልሶ የሚያስር ሰው ፊልትሮውን አልቀየረም።

ምሳሌዬ አንድ ቦታ ላይ ይሰበራል፤ ሴፕቲክ ታንክ ቁሻሻ ይይዛል እንጂ አይሠራም። የካምቢዮ ዘይት ግን እየቆሸሸ በየሰከንዱ እየሠራ ነው። ስለዚህ እስኪሸት መጠበቅ ከቤቱ ይልቅ እዚህ የከፋ ነው።

ሌላው የተረሳ ነገር፦ «ዕድሜ ልክ» የሚባለው ካምቢዮ ላይ ብቻ አይደለም። ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያካፍለው ትራንስፈር ኬዝም በዚሁ ቃል ይሸጣል። ኤክስ 5 ላይ ዘይቱ ቢበዛ አንድ ሊትር ገደማ ነው። በዚያች ዘይት ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚይዝና የሚለቅ ፍሪሲዮን አለ። ካረጀ መኪናው ከቆመበት ሲነሳ ወይም ቀስ ብሎ ሲፈጥን ይርገፈገፋል፤ ሰው ሁሉ ካምቢዮ ነው ብሎ ይደነግጣል። አንዳንዴ ዘይቱ ሲቀየር ብቻ ይተዋል። ስለ ጎማ ማንም ባይጠይቀኝም እዚህ ላይ እናገራለሁ፦ ሁለት ጎማ ብቻ አዲስ ገዝታችሁ ከሁለት ያለቁ ጋር አትቀላቅሉ። ያለቀ ጎማ ዙሪያው ስለሚያንስ ቶሎ ቶሎ ይዞራል፤ ትራንስፈር ኬዙ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እንኳ ልዩነቱን ሲያቻችል ይውላል። በጎማ የቆጠባችሁት እዚያ ይሄዳል።

ስለ ወጪ አንድ ነገር ልጨምር። ያገለገለ ቅንጡ መኪና ሲረክስ የሚረክሰው መኪናው ነው፤ መለዋወጫው አይረክስም። ሜካትሮኒኩ ዋጋ የሚወጣለት መኪናው አዲስ ሳለ በነበረበት ደረጃ ነው። ስለዚህ ዘይት፣ ገንዳና የእጅ ዋጋ ተደምሮ ካምቢዮ ከማደስ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ አንዳንድ ያረጀ ኤስዩቪ ላይ ደግሞ የእድሳቱ ዋጋ የመኪናውን ዋጋ ይጠጋል።

ልትገዙ ስትሄዱ ሻጩን «የካምቢዮው ዘይት መቼ ተቀየረ?» በሉት። «የዕድሜ ልክ ነው» ካለ አልተቀየረም ማለት ነውና የካምቢዮውን፣ የትራንስፈር ኬዙንና የዲፈረንሻሎቹን ዘይት ሒሳብ ከዋጋው ላይ ቀንሱ። መኪናው ሊፍት ላይ ሲወጣ የገንዳውን ቡሎኖች በባትሪ እዩ፤ ቁልፍ ነክቷቸው ያውቃል ወይስ አቧራና ዝገት እንደጋገረባቸው ናቸው? በባለ 6 ማርሹ ላይ የኤሌክትሪክ ሶኬቱ የሚገባበትን ቦታ በጨርቅ ጥረጉ፤ እዚያ ያለው ማያያዣ ጎማው ሲደርቅ ዘይት ያንጠባጥባል፣ ርካሽ ዕቃ ነው፣ ግን ዘይቱን ሲያጎድል ቆይቷል ማለት ነው። ከዚያ ንዱት። ከ60 እስከ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት እየሄዳችሁ ነዳጅ በስሱ ስትረግጡ ኮረኮንች ላይ እንዳለ የሚርገበገብ ከሆነ፣ «ዘይት ሲቀየር ይተዋል» ብሎ ማንም ቢምላችሁ፣ ዋጋውን ካምቢዮ እንደሚታደስ አድርጋችሁ ተነጋገሩ ወይም ቁልፉን መልሱለት።