ስለ ኔትወርክ ዕቃ ገበያ ደሴ ላይ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደሴ ፒያሳ አንዱ ኤሌክትሮኒክስ ቤት ገብታችሁ ራውተር ብትጠይቁ፣ ሻጩ ዋጋውን ከመናገሩ በፊት «ዓለም የሚጠቀመው ይሄን ነው» ይላችኋል። ቤትና ቢሮን ከኢንተርኔት ጋር የሚያገናኙ ዕቃዎችን ስለሚሠሩ ኩባንያዎች ፉክክር ደጋግሜ የምሰማቸውን ላንሳ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ሱቅ የሞላው ብራንድ ገበያውን ይዟል»

የያዘው ችርቻሮውን ነው። ትልቁ ገንዘብ ያለው ቴሌኮም ኦፕሬተሮች በጅምላ በሚገዙት ላይ ሲሆን እዚያ የሚመርጠው ተጠቃሚው አይደለም። የቻይናው ቴሌኮም ዕቃ አምራች ዜድቲኢ በ2006 ከኢትዮጵያ ጋር የ1.5 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ሲፈራረም ከዕቃው ጋር ብድሩንም ይዞ ነው የመጣው። በ2013 የቀጣዩ ምዕራፍ ሥራ ለሁዋዌና ለዜድቲኢ ለእያንዳንዳቸው በ800 ሚሊዮን ዶላር ተደልድሎ ተሰጠ፤ በቀጣዩ ዓመት የስዊድኑ ኤሪክሰን ከዜድቲኢ ድርሻ ላይ ቆርሶ ወሰደ። እዚህ ደሴ የሆጤ ሰፈር ነዋሪን ማንም አላማከረም።

«አንደኛ ነው ከተባለ አንደኛ ነው»

በምን? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በ1990ዎቹ ሰው በስልክ መስመር እየደወለ ኢንተርኔት ሲገባ፣ ጥሪውን የሚቀበሉትን መሣሪያዎች ለአገልግሎት ሰጪዎች ከሚሸጡት መካከል አሴንድ፣ ዩኤስ ሮቦቲክስ፣ ሲስኮ፣ ሺቫና ሊቪንግስተን ነበሩ። እንበልና አንዱ 100,000 ፖርት (አንድ ደዋይ የሚገባበት መስመር ማለት ነው) እያንዳንዱን በ200 ዶላር ሸጠ፣ ሌላው 50,000 ፖርት እያንዳንዱን በ500 ዶላር። በፖርት ከተቆጠረ የመጀመሪያው 67 በመቶ ይዟል፤ በገንዘብ ከተቆጠረ ሁለተኛው በ56 በመቶ ይመራል። ሁለቱም «መሪው እኛ ነን» ብለው ማስታወቂያ ቢያወጡ አንዳቸውም አልዋሹም።

የባሰም አለ። ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው ከፋብሪካ የወጣው እንጂ ተጠቃሚ እጅ የገባው አይደለም። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ የተራገፈ ኮንቴይነር ሁሉ ገዢ አግኝቷል አይባልም፤ ሞደምም እንደዚያው ነው። የኔትወርክ ዕቃ አምራቹ 3ኮም በ1997 ዩኤስ ሮቦቲክስን ከገዛ በኋላ የደረሰበት ይኸው ነው፦ ሞደሙ አከፋፋዮች መጋዘን ውስጥ ተከምሮ ስለነበር አዲስ ትእዛዝ ቀነሰበት።

«ሁሉም ቻይና አይደል? አንድ ናቸው»

ሁዋዌና ዜድቲኢ ሁለቱም የሼንዘን ልጆች ናቸው። በ2011 ግን በፓተንት ጉዳይ ተካሰዋል፤ ያውም አውሮፓ ድረስ ሄደው።

«ኩባንያው ከተዋጠ ሥራውም ይጠፋል»

አሴንድን ሉሰንት በ1999 ጠቀለለው፤ ሉሰንት በ2006 ከአልካቴል ጋር ተዋሐደ፤ እነሱንም ኖኪያ በ2016 ወሰዳቸው። ሊቪንግስተንም በ1997 ሉሰንት እጅ ገብቷል። ኮምቦልቻ ፔንሲዮን ስታርፉ ግን የዋይፋይ ቁጥር ያለበት ቁራጭ ወረቀት የሚሰጣችሁ ጊዜ አለ አይደል? ቁጥሩን ስታስገቡ ራውተሩ «ይህ ሰው ይግባ?» ብሎ ሰርቨር ይጠይቃል፤ ሰርቨሩም «ይግባ፣ ለ24 ሰዓት» ይላል። ይህ ምልልስ በብዙ ቦታ የሚካሄደው ራዲየስ በተባለው ፕሮቶኮል (የመሣሪያዎች መግባቢያ ደንብ) ነው፤ ሊቪንግስተን ለዚያ ለመደወያው ዘመን የሠራው። የሲስኮ ራውተርም የማይክሮቲክ ራውተርም ዛሬ ድረስ ይቀበሉታል።

«የፋይበር ሞደም ገዝቼ ብሰካ ይሠራል»

ሞደሙ በመስመሩ ሌላኛው ጫፍ፣ በኦፕሬተሩ ዘንድ ካለው ኦኤልቲ ከሚባለው መሣሪያ ጋር መግባባት አለበት። ተከታታይ ቁጥሩ እዚያ ካልተመዘገበ «ፖን» የሚለው መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ይቀራል። የሚከተሉት የቴክኒክ ደረጃ (ስታንዳርድ) አንድ ቢሆንም አምራቾች የየራሳቸውን ነገር ስለሚጨምሩ የአንዱ ሞደም ከሌላው ኦኤልቲ ጋር ሁልጊዜ አይስማማም። ድሮም 56ኬ በሚባሉት የስልክ መስመር ሞደሞች ጊዜ ኤክስቱ እና ኬ56ፍሌክስ የተባሉት ሁለት ተፎካካሪ አሠራሮች አይግባቡም ነበር፤ የገላገለው በ1998 የመጣው ቪ.90 የተባለ የጋራ ደረጃ ነው። ኦፕሬተር አንዴ ከአንድ አምራች ከገዛ በቀላሉ የማይላቀቀውም በከፊል ለዚህ ነው። ያገለገለ ሞደም በርካሽ ካገኛችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ከጀርባው ያለውን ሞዴልና ተከታታይ ቁጥር ፎቶ አንስታችሁ ኦፕሬተራችሁን ጠይቁ።