ሽብልቅ አሰላለፍ ምንድን ነው?

አሰላለፍ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ኳስ ነው። ኤርሶፍት ላይም፣ ማለትም ቡድኖች በአሻንጉሊት ጠመንጃ የፕላስቲክ ጥይት እየተታኮሱ የተመታው በሚወጣበት ጨዋታ ላይም፣ ነገሩ ያው ነው፤ ማን የት ይሁን፣ ማን ወዴት ይመልከት የሚለው ነው። ለጀማሪ ቡድን አንዱን ብቻ አስተምር ብባል ሽብልቅን እመርጣለሁ።

ሽብልቅ እንጨት ሲፈለጥ ስንጥቁ ውስጥ የሚመታው ሹል ነገር ነው። አሰላለፉም ስሙን ያገኘው ከቅርጹ ነው። አራት ሰው እንውሰድ። መሪው ከፊት ይሄዳል። አንዱ በግራው፣ ሌላው በቀኙ ትንሽ ወደ ኋላ ቀረት ብለው ይከተሉታል። ከላይ ለሚያይ «ለ» ፊደልን ይመስላሉ። አራተኛው ከቀኙ ሰው ኋላ ሲጨመር አንዱ እግር ይረዝምና «ላ» ይሆናል።

ቅርጹ ግን ያለ ዓይን ዋጋ የለውም። መሪው ፊት ለፊት ያያል፣ የግራው ግራውን፣ የቀኙ ቀኙን። አራተኛው ቀኙን እያገዘ በየመሀሉ ዞር ብሎ ኋላን ይቃኛል። ተቃራኒ ቡድን ከፊትም ከጎንም ቢመጣ፣ ቢያንስ ሁለት ሰው የጓደኛው ጀርባ ሳይጋርደው መተኮስ ይችላል።

የነጠላ ሰልፍ ችግር እዚህ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ስድስት ሆነን ጠባብ የጫካ መንገድ ይዘን ተከታትለን ሄድን። እስከዚያ ልክ ነበርን። ገላጣው ላይ ስንወጣ ግን መበተኑን ረሳነው። ተኩሱ ከፊት መጣ። የመጀመሪያው እጁን አንስቶ «ተመታሁ!» አለ። ሁለተኛው ለመተኮስ ወደ ጎን ሲወጣ ተመታ። ሦስተኛው እኔ ነበርኩ። የታየኝ የጓደኛዬ ጀርባ ብቻ ነው፤ አንዲት ጥይት ሳልተኩስ ወጣሁ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ሁሉም ጎን ለጎን የሚሰለፍበት አግድም ሰልፍም አለ። ወደ ፊት ለመተኮስ የሚያህለው የለም፤ ከጎን ለመጣ ግን ራቁቱን ነው።

ርቀቱስ? የአሜሪካ ጦር በሰውና በሰው መካከል 10 ሜትር ገደማ ይተዋል። ኤርሶፍት ላይ ይህን እንዳለ መቅዳት አይመከርም ባይ ነኝ። 6 ሚሊ ሜትር የሆነችው የፕላስቲክ ጥይት ቀላል ናት፤ ቅጠል እንኳ ከመንገዷ ያስወጣታል፤ ብዙውን ጊዜ ከ50 ወይም ከ60 ሜትር ወዲያ ማነጣጠር ከንቱ ነው። ስለዚህ 5 ሜትር ያህል ይበቃል። ከዚያ ስትጠጉ አንድ ሰው በአንድ ርጭት ሁለታችሁን ይጠርጋችኋል። በጣም ስትራራቁ ደግሞ ጓደኛችሁን ለማገዝ አትደርሱም። ጀማሪዎች የሚሳሳቱት በመጠጋት ነው። ሰው ሲፈራ ወደ ሰው ይጠጋል፣ ምን ይደረግ።

ጫካው ሲጠብ የ«ላ» እግሮች ተሰብስበው ነጠላ ሰልፍ ይሆናሉ። ሲሰፋ መሪው ሁለት እጁን በሁለቱም ጎን ወደ ታች ሰያፍ ዘርግቶ ያሳያል፤ ያየው ሁሉ ምልክቱን ለኋላው ይደግማል። ድምፅ አያስፈልግም።

መሪው ከተመታ ጫፉ ይጠፋል። የግራው ሰው ወደ ፊት ይወጣል፣ አራተኛው ወደ ግራ ይሻገራል። ሦስት ሆናችሁ እንደገና «ለ» ትሠራላችሁ። ማን ማንን እንደሚተካ ግን ጨዋታው ሳይጀመር ተነጋገሩ፤ ጥይት ሲዘንብ የሚሰማ የለም።