«ተመስገን በይ፣ የባሰ አለ»፦ የአካል ጉዳት ያለበትን ሕፃን ስለማሳደግ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በደሴ ከተማ በፊዚዮቴራፒ ሙያ ሳገለግል፣ ከሥራው ይበልጥ የሚያደክመኝ ወረፋ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ለእናቶች ሲነገር የምሰማው ቃል ነው። ልጇን አዝላ ከኮምቦልቻ ሙቀት ተነሥታ፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት በሚኒባስ ወጥታ ወደ ጦሳ ብርድ የደረሰች እናት ገና አረፍ ከማለቷ፣ አጠገቧ የተቀመጠ ሰው ልጁን አይቶ ከንፈሩን ይመጥና «አብሽሪ፣ ተመስገን በይ፤ የባሰ አለ» ይላታል። ተናጋሪው ክፉ ሰው አይደለም። ነገር ግን ይህ አነጋገር የሚያደርሰውን ጉዳት በየጊዜው ስለማይ፣ አብረውት ከሚመጡት ስህተቶች ጋር ላርመው ተነሥቻለሁ።

«የወላጅ ኃጢአት ወይም እርግማን ነው።» አይደለም። ለምሳሌ ሴሬብራል ፓልሲ (የሰውነት እንቅስቃሴንና አቋምን የሚያውክ ጉዳት) በማደግ ላይ ያለ አንጎል ከወሊድ በፊት፣ በወሊድ ጊዜ ወይም ከተወለደ ብዙም ሳይቆይ ሲጎዳ የሚመጣ ነው፤ ያለ ጊዜ መወለድ፣ በምጥ ወቅት መታፈን፣ ሳይታከም የቆየ ከባድ የጨቅላ ሕፃናት ቢጫነት እና ማጅራት ገትር ከታወቁት መንስኤዎች መካከል ናቸው። ሃይማኖት ለሚጠቅሱልኝም በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው የተሰጠው መልስ «እርሱም ወላጆቹም አይደሉም» የሚል እንደሆነ፣ በቁርኣን ሱረቱ ዐበሰም ለዓይነ ስውሩ ሰው ፊት መንሣትን እንደሚነቅፍ አስታውሳቸዋለሁ።

«መናገር ካልቻለ አይገባውም።» የመናገሪያ ጡንቻዎች አለመታዘዝና የማስተዋል ችሎታ የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ፣ ልጁ እየሰማ ስለ ልጁ አትንሾካሾኩ።

«ማዘል እግሩን ያጣምመዋል።» እንዲያውም እግሮቹ እንደ መቀስ ለሚጠላለፉበት ሕፃን፣ እግሮቹ ተከፍተው መታዘሉ ይጠቅመዋል።

«ከተቀበልነው በኋላ ሕክምና ማብዛት ፈጣሪን መፈታተን ነው።» በቆልማማ እግር የተወለደ ሕፃን በፖንሴቲ ዘዴ በየሳምንቱ በሚቀየር ጀሶ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 በሚሆኑ ቅያሪዎች እግሩ ይቃናል፤ ከዚያም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ገደማ ሌት ተቀን፣ በኋላም እስከ 4 ወይም 5 ዓመቱ ድረስ ማታ ማታ ልዩ ጫማ ያደርጋል። ጠበሉም ዱአውም ከዚህ ጋር የሚጣሉ አይደሉም።

ወደ ዋናው ልመለስ። «ምስጋና ማለት የባሰውን እያዩ አለማማረር ነው» የሚለው እምነት ሁለት ጊዜ ይጎዳል። በመጀመሪያ፣ «የባሰ አለ» ሲባል የባሰች የተባለችው ልጅ እናት እዚያው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ትሰማለች። የእርሷ ልጅ የሌላ ሰው መጽናኛ ስትደረግ አንገቷን ደፍታ የልጇን ሻርፕ ስታስተካክል አይቻለሁ።

ሁለተኛው ጉዳት በእኔ ሙያ በኩል የማየው ነው። አንዲት እናት «አመጋገቡ እንዴት ነው?» ብዬ በጠየቅኋት ቁጥር «ተመስገን» ስትለኝ ሦስት ቀጠሮ አለፈ። በአራተኛው፣ አጥሚት ይዛ ስለነበር እዚያው እንድትመግበው ለመንኋት። ጭኗ ላይ በጀርባው አንጋልላ በማንኪያ ስታፈስለት ልጁ ሳለ፣ ትን አለው፣ ዓይኑ እንባ ሞላ። በዚያ ዓመት በሳንባ ምች ሦስት ጊዜ ታክሞ ነበር። ምግቡ ወደ አየር ቧንቧው እየገባ እንደሆነ ቀደም ብላ ብታማርርልኝ ኖሮ ቀደም ብለን እናስተካክለው ነበር። ስለዚህ ይህን የምታነቡ እናቶች ሁሉ ልብ በሉ፦ ልጁ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ አገጩ ጥቂት ዝቅ ይበል፣ ማንኪያው ትንሽ ሆኖ ከፊት ለፊቱ ይምጣ፣ አንዱን ጉርሻ ሳይውጥ ሌላው አይከተል። በዚህ አኳኋን መመገብ ከጀመረ በኋላ የዚያ ልጅ ሳል ቀነሰ።

ምስጋናን ያየሁትም ከዚህችው እናት ነው። ልጇ አውራ ጣቱን በመዳፉ ውስጥ ቀብሮ ቀን ከሌት ይጨብጣል፤ እርሷም በየማለዳው ለብ ባለ ውሃ ጣቶቹን አንድ በአንድ እያላቀቀች በመዳፉ እጥፋት ውስጥ የተጠራቀመውን ጉድፍ ታጥባለች። አንድ ቀን ገና ከበሩ ሳትገባ «ዛሬ ጥለቴን ያዘልኝ!» ብላ አለቀሰች። እጁ በራሱ ተከፍቶ የነጠላዋን ጫፍ ይዞ ነበር። በዚያው ሰዓት ስለ ቤት ኪራይዋና ስለ ወገቧ ሕመም አምርራ ነገረችኝ፤ ምሬቷ ደስታዋን አላጠፋውም፣ ደስታዋም ወገቧን አላሻለውም። ያን ምስጋና ማንም አላዘዛትም፤ እጁን በየቀኑ ስለምታጥበው ለውጡን ለማየት የበቃችው እርሷ ናት። የእንዲህ ዓይነት ልጅ ለውጥ በጣም ጥቃቅን ስለሆነ ይረሳል፤ በዚህ ምክንያት እያንዳንዷን እናት ደብተር ገዝታ በቀን አንድ መስመር፣ መጥፎውንም ጭምር፣ እንድትጽፍ እመክራለሁ።

«ትምህርት ቤት ከተቀበለው ውለታ ነው።» መብት ነው፤ ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች።

«ፈጣሪ እንዲህ ያለ ልጅ የሚሰጠው ለጠንካራ እናት ነው።» ይህን የምትሰማ እናት «ደከመኝ» ማለት ያሳፍራታል። ጎረቤቶች ከዚህ ውዳሴ ይልቅ ቡና ሲፈላ ጥሯትና ከአቦል እስከ በረካ ልጁን እናንተ ያዙላት። ጀርባው ደረታችሁን ተደግፎ፣ እግሮቹ በጭናችሁ ግራና ቀኝ ተከፍተው ይቀመጥ። መጀመሪያ ላይ ሰውነቱ ሊገተር ይችላል፤ ሳትደነግጡ በእርጋታ እያናገራችሁት ጠብቁት፣ ሲኒውንም ከእጁ አርቁት።